ልጄ ብድግ ብሎ የወደቀ ዕለት

በእኔ ቤት አባት ሲገባ ልጅ ተቀምጦ አይጠብቅም። ያሳደግኋቸው እንዲያ ነው፤ ዛሬም አላፍርበትም። ያን ዕለት ግን ይኸው ሥርዓት ልጄን ሊያሳጣኝ ነበር።

ትልቁ ልጄ ካገባ ሦስት ወሩ ነበር። ከዳባት ስመለስ ደባርቅ ካለው ቤቱ ጎራ አልሁ። ፀሐይ መጥለቋ ነው። መደቡ ላይ ተቀምጦ አረቄ ይዟል። ሲያየኝ ብድግ አለ። «እንዴት ዋሉ አባ...» ብሎ ሳይጨርስ ፊቱ አመድ መሰለ፤ በቁሙም ወደቀ። ግንባሩ ከደጃፉ ድንጋይ ጋር ተጋጨ። ሚስቱ ጮኸች። እኔ በበሬና በሞፈር ያረጀሁት ሰውዬ እንደ ሕፃን አቅፌ አነሳሁት።

በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስነው። መንገድ ላይ ነቅቷል። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ግንባሩን ሰፋች፤ የደም ግፊቱን ለካች።

«በጣም ዝቅ ብሏል። ምን ወስደሃል?»

«ምንም።»

«የወሰድኸውን ሳላውቅ መድኃኒት ብሰጥህ ልጎዳህ እችላለሁ።»

የተሰፋውን ግንባሩን ዳሰሰ።

«ተናገር እንጂ አንተ! ትጠይቅህ የለም?» ብዬ ጮህሁበት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አባቴ፣ ይህ ፖሊስ ጣቢያ አይደለም። እስቲ ውጭ ይቆዩልኝ።»

ከልጄ ፊት ውጣ ያለኝ ሰው እስካሁን አልነበረም። ወጣሁ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳስበው ደነገጥሁ፤ ልጄ ከሞት ይልቅ የፈራው እኔን ነው።

ጥቂት ቆይታ ጠራችኝ። «ይንገሯቸው ብሏል» አለችና ነገረችኝ። የዋጠው ዘር ቶሎ እንዳይፈስ የሚያዘገይ ክኒን ነው። ጓደኛው ከአዲ አርቃይ በወረቀት ጠቅልሎ አመጣለት።

«ማብራሪያ ወረቀቱስ?» አልሁት።

«የለውም» አለ ልጄ።

ፊደል የቆጠርሁት ያለ አስተማሪ፣ ብቻዬን ነው። ለበግ እንኳ ወረቀቱን ሳላነብ መድኃኒት አልግትም። የእኔ ልጅ ምን እንደሆነ ያላወቀውን ዋጠ!

«መጀመሪያ መመርመር ነበረበት» አለች ሐኪሟ። «ልቡ፣ የደም ግፊቱ፣ ሌላ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ይጠየቃል። ከመጠጥ ጋር ፈጽሞ አይወሰድም። ሰውን ከተቀመጠበት ድንገት ሲነሳም ይጥለዋል። ለመሆኑ ከዚህ በፊት ራሱን ስቶ ያውቃል?»

ልጄ አያስታውስም። እኔ ግን አስታወስሁ።

«ልጅ እያለ ቅዳሴ ቆሞ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሰነፍ ብዬ ገርፌዋለሁ።»

አየችኝ። «እንግዲያው ይህ ክኒን ለእሱ አይሆንም። ለችግሩ ሌላ መላ አለ፤ ሲሻለው ከሚስቱ ጋር ይምጣ።»

«ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት።

«ምን ልበልዎ አባየ? ወንድ አይደለህም ቢሉኝስ?»

እል ነበር። ዋሽቼ ምን እጠቀማለሁ። ሐኪሟ እየሰማች ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን አወጣሁ፤ «እኔም ሳገባ እንዳንተው ነበርሁ። ዓመት ያህል ነው የቆየብኝ። እናትህ ታግሣ አሳለፈችው።»

አፉን ከፍቶ አየኝ። ኋላ ወደ ሐኪሟ ዞረ።

«እትዬ፣ ቅድም አንድ ክኒን ነው ያልሁዎ ዋሽቼ ነው። ሦስት ነው የዋጥሁ።»

ከወንበሯ ተፈናጥራ ተነሳች። «ዛሬ ከዚህ ንቅንቅ አይልም» ብላ ነርሷን ጠራች።