በአመድ ውስጥ የቆየው ክር

የእናቴ አርባ ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን አፓርታማዋን ላጸዳ ገባሁ። የኪራይ ውሉ በወሩ መጨረሻ ያልቅ ስለነበር ጊዜ አልነበረኝም። ነጠላዎቿን አጣጥፌ፣ ድስቶቿን ለጎረቤት ሰጥቼ የመታጠቢያ ቤቱን ቁም ሳጥን ስከፍት፣ ከመድኃኒቶቿ ኋላ ክዳኑ የጠበቀ የቫይታሚን ብልቃጥ አገኘሁ። ውስጡ ቫይታሚን አልነበረም። ራሷን ባመማት ቁጥር ግንባሯን የምትቀባው፣ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችው እምነት ነበር፤ ያ ግራጫ አመድ። ሽታው የልጅነቴ የትኩሳት ሽታ ነውና ሳላስበው እኔም ግንባሬን ልቀባ ጣቴን ሰደድኩ። ጣቴ ክር ያዘ። ቀስ ብዬ ስስበው ሦስት ቦታ የተቋጠረ፣ አንድ ጫፉ የዝገት ቀለም ያለው፣ መሀሉ ላይ በመቀስ የተቆረጠ የጥጥ ክር ወጣ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆሻሻ ውስጥ ተጥሎ የቀረ ይመስለኝ የነበረ ክር ነው። የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና፣ በቀብሯ ቀን እንኳ እንዲያ ያላለቀስኩትን ልቅሶ አለቀስኩ።

ልጅ ሳለሁ ሁለት ቤት ነበረኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእናቴ ጋር፣ ቅዳሜና እሁድ በመኪና ግማሽ ሰዓት በሚርቀው አሌክሳንድሪያ ከአባቴና ከባለቤቱ ከኖይ ጋር። አባቴ ታክሲ ይነዳ ነበር። ኖይ ታይላንዳዊት ናት፤ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥብ ነበርና አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ዝናብ ይዟት የእሱ ታክሲ ውስጥ ገባች። "ከዚያ ወዲህ አልወረደችም" ይላል አባቴ። እናቴ ስሟን ጠርታ አታውቅም፤ "ያቺ ሴትዮ" ነበር የምትላት። ያቺ ሴትዮ ምን አበላችሽ፣ ያቺ ሴትዮ ፀጉርሽን ለምን ነካችው። ያቺ ሴትዮ ግን ቁመቷ ከእኔ እምብዛም የማይበልጥ፣ ስትስቅ አፏን በመዳፏ የምትከድን፣ ከኪሷ የሚሸተት ሜንቶል የማይጠፋ ሰው ነበረች። እንግሊዝኛዋ የተሰባበረ ነው፤ አማርኛዋ ደግሞ ሦስት ቃል ብቻ፦ ብዪ፣ አይዞሽ፣ ነይ። ልጅ ለማሳደግ ከዚህ በላይ አያስፈልግም ብሎ አባቴ ነው ያስተማራት። "ነይ"ን እየጎተተች ስለምትለው ፓርኪንጉ ድረስ ይሰማል፤ እኔም አባቴ እንዳስለመደኝ ከየትም ሆኜ "አቤት!" ብዬ እሮጣለሁ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ የኖይ እናት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ያዙ። አባቴ ሦስታችንም ሄደን እንጠይቃቸው አለ። እናቴ ሦስት ቀን በስልክ ተጨቃጨቀችው፤ በመጨረሻ ግን የታመመ መጠየቅ ጽድቅ ነው እያለች ያሳደገችኝ እሷው ራሷ ስለሆነች መውጫ አጣች። ኤርፖርት በሄድንበት ቀን ከዚያው እምነት ግንባሬን፣ ደረቴን፣ ሁለት መዳፌን ቀብታ ሸኘችኝ። በአውሮፕላኑ ውስጥ አባቴ እያየኝ በሳቅ ሞተ።

ኖይ የተወለደችበት የታይላንድ መንደር የሩዝ ማሳ መሀል ነው። ቤቶቹ በረጃጅም የእንጨት እግሮች ላይ ቆመዋል፤ ከሥራቸው ዶሮና ሞተር ሳይክል፣ ከላያቸው ደግሞ ሽማግሌና አሮጊት። ወጣቱ ለሥራ ከተማ ገብቶ አልቋል። በየጠዋቱ የታመሙ ዘመዶች ለመጠየቅ ከቤት ቤት እንዞራለን፤ አጎበር ውስጥ ሆነው የሚያስሉ አጎት፣ ስኳር እግራቸውን የቆረጣቸው አክስት፣ ዓይናቸው ጠፍቶ በእጃቸው ፊቴን እየዳሰሱ የተዋወቁኝ ጎረቤት። አባቴ በበሽተኛ አጠያየቅ ማንም አይደርስብኝም ባይ ነው። ብርቱካኑን ይዞ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ በጠራ አማርኛ "እግዚአብሔር ይማርዎት" ይላል፤ እነሱም መዳፋቸውን አጋጥመው በገዛ ቋንቋቸው ይመልሳሉ፤ ማንም ለማስተርጎም አልደከመም። ችግሩ እግሩ ነበር። ወለል ላይ ሲቀመጥ እግሩን ዘርግቶ ወደ ሽማግሌዎቹ ፊት ይደቅነዋል፤ ይህ ደግሞ እዚያ አገር ትልቅ ነውር ነው። ኖይ ቁርጭምጭሚቱን ቸብ ታደርገዋለች፣ ይሰበስባል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያው ነው።

የኖይን እናት ሁሉም "ያይ" ነበር የሚላቸው፤ አያት ማለት ነው። ትንሽዬ ሴት ናቸው፤ አፋቸው በሚያኝኩት ቅጠል ከመቅላቱ የተነሳ መጀመሪያ ሳያቸው ደም የሚተፉ መስሎኝ ነበር። አንድ እጃቸው ብቻ ነው የሚሠራው። በዚያው እጅ ብርቱካን ልጠው ፍሬ ፍሬውን ያጎርሱኛል።

በአምስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ዳክዬ ስከተል ከቤቱ ጀርባ ያለው ኩሬ ውስጥ ገባሁ። ውሃው እስከ ወገቤ ነበር፤ የሚያሰጥም አልነበረም። ነገር ግን ከአጠገቤ ተኝቶ የነበረ የውሃ ጎሽ ድንገት ራሱን ብድግ አድርጎ ፊቴ ላይ ተነፈሰ። ሲያወጡኝ ድምፄ ጠፍቶ ነበር። በማግስቱም አልበላ፣ አልናገር አልኩ፤ በር ሲንኳኳ እዘላለሁ። አባቴ "ደንግጣ ነው" አለ። ያይ ግን አስጠግተው እጄን ያዙና፣ ኽዋኗ ውሃው ውስጥ ቀርታለች አሉ። ኽዋን የሚሉት ነገር አላቸው። ነፍስ ልበለው እንጂ በደንብ ነፍስም አይደለም፤ ሰው ሲደነግጥ ከላዩ የምትወድቅ፣ ካልጠሯትም በወደቀችበት የምትቀር ነገር ናት። ሄደው ሊጠሯት ተነሱ። አራት ወር ከአልጋ ያልወረዱት ሴት!

ኖይ አይሆንም ብላ አለቀሰች። ያይ አልሰሟትም። አባቴ አይቶ አይቶ ከአልጋቸው ፊት ቁጢጥ አለና ጀርባውን ሰጣቸው። "ይምጡ እማማ፤ በልጅነቴ ስንቱን በሽተኛ ተሸክሜ ጠበል አድርሻለሁ" አላቸው። አዝሎ ደረጃውን ወረደ። ኩሬው ዳር አስቀመጣቸውና በደኅናው እጃቸው የዓሣ መረብ ያዙ፤ እኔ በወደቅኩበት ቦታ ውሃውን ሦስት ጊዜ በመረቡ እየቀዱ በዚያ በቀጭን ድምፃቸው ተጣሩ። ምን እያሉ እንደሆነ ኖይን ጠየቅኳት። ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብላ፣ በአባቴ አማርኛ፣ "ነይ። ነይ ይላሉ" አለችኝ። መረቡ ውስጥ አንድ ቀንድ አውጣ ብቻ ነበር። እሷንም ቢሆን በነጭ ጨርቅ በክብር ጠቅልለው ቤት አስገቧት፤ እኔም በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ከዚያ ያይ አንዱን ጫፍ በጥርሳቸው ይዘው፣ ሌላውን በእጃቸው እያዞሩ፣ ኽዋኗ ዳግም እንዳትሄድ አንጓዬ ላይ ነጭ ክር አሰሩልኝ። የያዙት ጫፍ ቀላ። እንዳይቆረጥ አሉ፤ በራሱ ጊዜ እስኪወድቅ መቀስ እንዳይነካው።

ከጉዞው ተመልሼ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት በገባሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ እናቴ ክሩን አየችው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ያይ ናቸው ያሰሩልኝ።"

"የምን ያይ ነው? አንገትሽ ላይ ማተብ እያለ እጅሽን ማነው ያሰረው?" ብላ ዶሮ የምትገነጥልበትን መቀስ አነሳች። "ማሚ፣ ኖ! ፕሊስ!" ከማለት በቀር ቃል አልመጣልኝም። ቀጭ አለ። ወደ ኩሽና ይዛው ሄደች፤ የቆሻሻው ክዳን ሲከፈት የሰማሁ መሰለኝ።

ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ስሄድ ኖይ ገና በሩ ላይ እጄን አንስታ ገለበጠችው። "ሻወር ስወስድ በራሱ ወደቀ" አልኳት። እናቴን እንዳትጠላብኝ ነበር፤ ደግሞም ፈርቼ ነበር። ፊቷ በደስታ በራ፤ ወዲያው እናቷ ጋ ደወለች። የያይን ሳቅ በስልኩ ውስጥ ሰማሁት። ኖይ ተረጎመችልኝ፦ "በራሱ ከወደቀ ኽዋኗ ቤቷ ገብታለች። እንግዲህ እኔ መሄድ እችላለሁ" ብለዋል። በዘጠነኛው ቀን ሞቱ።

እኔ ነኝ የገደልኳቸው ብዬ አመንኩ። አሁን ትልቅ ሰው ነኝ፤ የሴትዮዋ ጊዜ ደርሶ እንደነበር አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ምንም አልጠቀመኝም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አመሻሽ ላይ የሆነ ሰው ይጠራኛል። ጃያንት ሱፐርማርኬት ወረፋ ላይ፣ መኪና ሳቆም፣ ሰሃን ሳጥብ እዞራለሁ። ባል በነበረኝ ጊዜ "ማነው?" ይለኝ ነበር። አቤት ልል አፌን እከፍትና እተወዋለሁ፤ የሚጠራው ማን እንደሆነ፣ ተጠሪዋስ እኔ እዚህ ያለሁት ትሁን ያቺ ኩሬው ውስጥ የቀረችው፣ አላውቅም። አባቴ ሳልነግረው ሞተ። እናቴም እንዲሁ፤ ለካ እሷም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክሩን ልትጥለው ፈርታ፣ ልታስቀምጠውም ፈርታ፣ አመዱ እንዲጠብቃት ቀብራው ኖራለች። አንድም ቀን ብናወራው ኖሮ።

የቀረችኝ ኖይ ናት። ያንኑ ቀን ክሩን በሶፍት ጠቅልዬ፣ ብርቱካንና ሜንቶል ገዝቼ በቤልትዌይ አውራ ጎዳና ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳሁ። የአረጋውያን መጦሪያ ከገባች ዓመት አልፏታል። እንደ እናቷ ግማሽ አካሏን ያዛት፤ እንግሊዝኛዋ አብሮ ሄደ፤ የቀራት የመንደሯ ቋንቋ ነው፣ እሱንም እዚያ የሚሰማላት የለም። አንዳንድ ቀን ታውቀኛለች፣ አንዳንድ ቀን ነርስ እመስላታለሁ። እግሬን ሰብስቤ ከአልጋዋ ሥር ተቀመጥኩ። ብርቱካኑን ልጬ አጎረስኳት።

"ኖይ፣ በራሱ አልወደቀም" አልኳት በአማርኛ። "እናቴ ቆረጠችው። እኔ ደግሞ ዋሸሁሽ።" ሶፍቱን ፈታሁት።

ክሩን ስታይ የምታኝከውን አቆመች። በደኅናው እጇ ወሰደችው፤ የቀላውን ጫፍ አሻሸችው፤ አሸተተችው። ከዚያ እጄን ጎትታ ጫፉን በጥርሷ ያዘችና አንጓዬ ላይ ታዞረው ጀመር። አልደረሰም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አንጓ ነበር የታሰረበት፤ ሁለት ጣት ያህል ይጎድላል። ሳበችው፣ ደግማ ሳበችው። ያ ሁለት ጣት ሙሉ ዕድሜዬ ነበር፤ አባቴ፣ እናቴ፣ ያይ፣ ያ መንደር።

ኖይ ክሩን ከጥርሷ ለቀቀችው። ሁለቱን ጫፎች አንጓዬ ላይ አስተኛቻቸውና ባዶውን ቦታ በአውራ ጣቷ ሸፈነችው። አጥብቃ ይዛኝ፣ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ፣ ዓመት ሙሉ ከአፏ ያልወጣውን ቃል እንደ ድሮው እየጎተተች ጠራች።

"ነ-ይ!"

"አቤት" አልኳት።