ሙሽራ በእግሯ ያስኬደ የውሃ ፓምፕ

ትናንት ልጄ መኪናዋን በር ላይ ስታቆም፣ ከሞተሩ ሥር ጣፈጥ ያለ የትኩስ ውሃ ሽታ መጣብኝ። ጎንበስ ብዬ ባይ አረንጓዴ ጠብታ ነው። “አባዬ፣ መካኒኮቹ የውሃ ፓምፑ ነው አሉኝ። እስከ ካምባ ከተማ ደርሼ ልመለስና ላስቀይረው?” አለችኝ።

አየህ፣ እኔም ይህን ጥያቄ የጠየቅሁት በሠርጌ ቀን ነበር።

ሙሽራዬን ከዶርዜ ይዘን ወደ አርባ ምንጭ ልንወርድ ነው። አባቴ አርባ ምንጭ ቤታችን ታሞ አልጋ ላይ ነበር። ዳገቱን መውጣት ስላልቻለ፣ “እጄን ራሷ ላይ ጭኜ ልመርቃት፤ እንዳታመሹብኝ” ብሎ ነው የላከን። ልቤ እዚያ ነበር። ልንነሳ ስንል ከመኪናው ፊት መሬቱ ረጥቧል። ሾፌሩ ሊያይ ሲጠጋ፣ አንድ የሙሽራዋ ዘመድ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዘው መጡና፣ “ተው ልጄ፣ ርጥበት በረከት ነው። ትዳራቸው ይለምልም!” አሉ። “አሜን” አልን። በምርቃት መሐል ኮፈን የሚከፍት ማን አለ? ተነሳን።

ጥቂት እንደወረድን ሞተሩ እንደ ፌንጣ ሲር ሲር አለ፤ ከዚያ ጨሰ። ሐይቆቹ ከታች ያብረቀርቃሉ። ሙሽራዋ ራስ ላይ የተቀባው ቅቤ ቀልጦ ግንባሯ ላይ ይወርዳል። እኔ ደግሞ ነገር የሚገርመኝ ሰው ነኝ፤ ሞተሩ ሲበርድ አንገቴን ኮፈኑ ውስጥ ከተትኩ።

“ይህች ፓምፑ ሥር ያለች ቀዳዳ ለምንድን ናት?”

“እንድታነባ ነዋ!” አለ ሾፌሩ። “ውስጡ ሲበላ የምትናገር እሷ ናት።” ፓምፑ ላይ የታሰረውን ማራገቢያ፣ ቬንትሌተሩን፣ ይዞ ወዘወዘው። “አየኸው? የተነቃነቀ ጥርስ ይነቀላል።”

“ውሃ እየሞላን ብንወርድስ? ቁልቁለት አይደል?”

“ፓምፑን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ከተበተነ ቬንትሌተሩ ራዲያተሩን ይበላዋል። ሰው ጭኜ አልሞክረውም።”

ለልጄም ትናንት ይህንኑ አልኳት፦ ካነባ፣ ከጮኸ፣ ከተነቃነቀ ነገ አትበይ።

ያኔ ሚዜዬ ከኋላ፣ “ሙሽሪት፣ ባልሽ ያገባው መኪናዋን ነው!” ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሳቀ። እሷ ግን ጫማዋን አውልቃ ወረደች።

“እኔ ገበያ በእግሬ እየወረድኩ ነው ያደግሁት። አባትህ እየጠበቁ ነው። ትመጣለህ ወይስ እዚያው ትቀራለህ?”

በአቋራጭ ወረድን። ዋናው መንገድ ላይ ሙዝ የጫነ መኪና አገኘንና ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። አባቴ እጁን ራሷ ላይ ጭኖ መረቃት። ከዚያ አቧራ የጠጣ እግሯን አየ።

“ልጄ፣ በእግርሽ?”

“አዎ አባባ።”

እጇን ያዘና ሳይለቅ እንቅልፍ ወሰደው። ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ሰሞን ነው ያረፈው። ያን ዕለት ግን ውጪ ከበሮው ይመታል፣ ሙሽራዋን ይጠራሉ። ልጠራት ገባሁ። አልጋው ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ እንዳይነቃ በዓይኗ ብቻ ዝም በል አለችኝ።