ሙሽሪትና እምቢ ያለው ፍላሽ

ጉኑኖ ከተማ አንድ ሰርግ ላይ ድምፅ የምቆጣጠረው እኔ ነበርኩ። ሙሽሪት ደጅ ቆማለች፤ የመግቢያዋ መዝሙር ያለው ፍላሽ ላይ ነው፤ ላፕቶፑ ደግሞ ፍላሹን አላየሁም ብሎ ድርቅ አለ። ነቅዬ ሰካሁ፣ ቀዳዳ ቀየርኩ፣ እፍ አልኩበት፤ ወይ ፍንክች! እንግዳው ፊቱን ወደ መድረኩ አዙሮ ይጠብቃል። እኔ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛዬ ላይ ላቤ ይንጠባጠባል።

«ወንድሜ፣ ላፕቶፑ ላይ ዲስክ ማኔጅመንት የሚለው ውስጥ ገብተህ አይተሃል?» አለችኝ አንዲት ሴት ከጀርባዬ።

ዞር ስል ሙሽሪት ራሷ ናት! ቬሏን ወደ ኋላ ጣለች፣ ነጭ ጓንቷን በጥርሷ ስባ አወለቀች፣ ጎንበስ ብላ ሁለት ሦስት ቦታ ነካ ነካ አደረገች።

«ኮምፒውተሩማ አይቶታል። መጠሪያ ፊደል ስላልሰጠው ነው የተደበቀብህ። ይኸው፣ ‹ኬ› ብዬዋለሁ።»

ፍላሹ ብቅ አለ! እጇን ልስም ምንም አልቀረኝም።

«ስገባ ድምፁን ቀስ እያልክ ጨምር» ብላኝ ወጣች።

መዝሙሩን ለቀቅኩት። ቬሏን አውርዳ፣ የአባቷን ክንድ ይዛ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ገባች። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ እናት ዞረው አዩዋትና በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሰይ የኔ ልጅ! የዘንድሮ ሙሽሮች እኮ አያፍሩም፤ ይቺ ቀና ብላ ሰው እንኳን አታይም!»