ባሌ ያጎረሰው ሼፍ

ባለቤቴ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሲታክ በሚባል ኤርፖርት ታክሲ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ፣ «ያንን በቴሌቪዥን የምናየውን ሼፍ ገጠር ያለው ምግብና መጠጥ ቤቱ፣ ፐቡ ድረስ አደረስኩት። መንገድ ላይ ምሳዬ ሸተተውና አጎረስኩት» አለኝ።

«እሱ ካንተ እጅ ሊጎርስ? ተው እባክህ።»

«ራሱን ጠይቂው። ቅዳሜ ልውሰድሽ?»

ቅዳሜ ሥራ ነበረኝ። ከዚያ ጾም ገባ፤ ከዚያ ባለቤቴ ታመመ። ነገሩን ባነሳ ቁጥር እስቅበታለሁ እንጂ፣ አንድ ቀን እንኳ «አምኜሃለሁ» ሳልለው አረፈ።

ባለፈው እሑድ ልጄ እዚያ ፐብ ወሰደችኝ። ከብት የሚግጥበት መስክ ዳር ያለ የእንጨት ቤት ነው። ዓሣና ድንች ቀረበልን፤ እኔ ሹካውን ትቼ በእጄ ያዝኩት።

«እማዬ፣ ፕሊስ፣ ሰው እያየን ነው።»

ሼፉ በየጠረጴዛው እየዞረ ሰላምታ ሲሰጥ እኛ ጋ ደረሰ። ልጄ የአባቷን ፎቶ ከስልኳ አሳየችውና ማረፉን በእንግሊዝኛ ነገረችው። እኔንም «ሚስቱ ናት» አለችው። ፎቶውን ብዙ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ እጄን አየ።

ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ አፉን ከፈተ።