ጾመኛው ስዊች

ማስተማሩን ትቼ ጋምቤላ ከተማ ቪዲዮ ቤት ስከፍት፣ ከአዲስ አበባ ድረስ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ያመጣኋት አንዲት ጥቁር ሳጥን ነበረች። የቀረጽነውን ሰርግ ሁሉ የምናጠራቅምባት ማከማቻ ናት፤ ሁለት ዲስክ በሆዷ ይዛ ከኮምፒውተሮቹ ጋር በኔትወርክ ገመድ ትገናኛለች። ጎተራ እንላታለን። ገመዶቹን የሚያገናኘውን ስዊች ግን አንድ ቢሮ አሮጌ ብሎ ሊጥለው ሲል ለምኜ ነው ያገኘሁት። ግንባሩ ላይ በእንግሊዝኛ «ፋስት» ተብሎ ተጽፎበታል፤ እኔም ፈጣን ነው የሚለውን ጽሑፍ አመንኩ።

አብራኝ የምትሠራው ኤዲተር አላመነችም። የጋምቤላ ልጅ ናት፤ ግማሹ ዘመዷ ደቡብ ሱዳን ስለሆነ እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል፤ ምላሷማ አይጣል ነው! ከጎተራው ፋይል ስንቀዳ በሴኮንድ አሥራ አንድ ሜጋባይት ብቻ ይመጣል፣ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። «ፋስት እኮ ነው!» ብዬ እሟገታለሁ። አንድ ሁዳዴ፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳልቀምስ ስነጫነጭ፣ አንዴ እኔን አንዴ ስዊቹን አየችና፣ «መምህር፣ ፋስት ማለት እኮ ጾምም ማለት ነው። ይሄ እንዳንተ ጾመኛ ነው፤ ከየት አምጥቶ ይሮጣል?» አለችኝ። እሷ ፕሮቴስታንት እኔ ኦርቶዶክስ ነን፤ በዚህ ስንተራረብ ነው የኖርነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ጾመኛው ሆኖ ቀረ።

ኋላ ሳጣራ፣ «ፋስት» የሚለው ስም የወጣለት ከእሱ የባሱ ቀርፋፎች በነበሩበት ዘመን ነው፤ የዛሬዎቹ አሥር እጥፍ ይቀድሙታል። አውቄ ዝም አልኩ። እልኸኛ ነኝ፤ ለምኜ ያመጣሁትን ዕቃ ሰው ሲያንቋሽሽብኝ ደሜ ይፈላል።

ይህ እልሄ ጉድ የሠራኝ ባለፈው ክረምት ነው። የአንዲት ልጅ ሰርግ ቀርጸን ነበር። አባቷ የሚኖሩት ከጋምቤላ ወደ ታች፣ ባሮ በሚወርድበት ማታር ነው፤ ጉልበታቸውም መንገዱም እምቢ ብሏቸው ከሰርጉ ቀርተዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዓይናቸው እየፈዘዘ ነው። የሙሽራዋ ወንድም ገና ሥራ የጀመረ ነርስ ነው። «ዓይኑ ሳይጨልም ሰርጓን አሳይሃለሁ ብዬ ለአባቴ ቃል ገብቻለሁ» አለን። ጎረቤታቸው ሃርድ ዲስክ የሚሰካበት ቴሌቪዥን አለው።

መብራት እየሄደ እየመጣ ሥራው ተጓተተና፣ የመጨረሻውን ቁራጭ የቀጠልነው ልጁ ሊወስድ በመጣበት ጠዋት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እየሮጠ ገባ። የማታር መኪና ሁለት ሰዓት ላይ ይወጣል፤ በዚያ ዝናብ ደግሞ ቀጣዩ መቼ እንደሚገኝ እግዜር ይወቀው። ሃርድ ዲስኩን ሰክቼ መቅዳት ጀመርኩ። ኮምፒውተሩ ሦስት ሰዓት እንደሚፈጅ ነገረኝ። ጥራት ይኑረው ብዬ በትልቁ ስለቀረጽኩት ፋይሉ የትየለሌ ሆኗል።

«ወይኔ!» አለ ልጁ፣ ጭንቅላቱን ይዞ። «በቃ በግማሽ ሰዓት የሚያልቀውን ስጠኝ።»

የቃል ኪዳኑን ፋይል ባየው አይደርስም። ጭፈራውን ባየው እሱም አይደርስም። ይሄኔ ኤዲተሯ፣ «መምህር፣ ያቺ ልታጠፋት የነበረችውስ?» አለች።

ባሮ ዳር ፎቶ ልናነሳ በሄድንበት ጊዜ ካሜራውን የዘጋሁ መስሎኝ እንደቆመ ትቼው ሄጄ ነበር፤ እሱ ግን መቅረጹን አላቆመም። ሙሽሪት ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣ ቬሎዋን ሰብሰብ አድርጋ ከወንድሞቿ ጋር ታወራለች። ድንገት ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ ታፏጫለች፤ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ሰበር የሚል ፉጨት። ወንድሞቿ በሳቅ ይሞታሉ። ቋንቋቸውን የምትችለው ኤዲተሯ ናት የነገረችኝ፤ አባታቸው ከብት የሚጠሩበት ፉጨት ነው። ከዚያ ሙሽሪት ወደ ውኃው እያየች፣ «ይሄ ወንዝ ወደ አባባ ነው የሚሄደው፤ ይድረሰው» ትላለች። ሙሽራው ውኃ ሊገዛ ሄዶ የለም።

«እሷን ቅዳልኝ» አለ ልጁ ወዲያው።

መኪናው ሊወጣ አሥር ደቂቃ ሲቀረው አለቀ። ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ግን ፊቱ ጠቁሯል። «ሙሽራ የሌለበት ሰርግ! አባቴ ‹ሙሽራውስ?› ቢለኝ ምን እላለሁ?»

«ሙሽራውን ጾመኛው አስቀረው በለው!» ብላ ጮኸች ኤዲተሯ።

እሱ ከሄደ በኋላ እሷ ገመዱን ከስዊቹ ነቀለችው። ኮምፒውተሩን በቀጥታ ጎተራው ላይ ሰካችው፣ አንዳንድ ነገር ነካካች፣ ቅጂውን አስጀመረች። በሴኮንድ መቶ አሥር! ሰርጉ በሙሉ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። «ምነው ቀድሞ ትዝ ባለኝ» አለች። እኔ ግን እሷን አልወቀስኩም። የልጁ ፊት እየታየኝ እንባዬ መጣ፤ አልዋሽም።

ሙሉውን ከሁለት ሳምንት በኋላ መኪና ሲገኝ ላክንላቸው።

ክረምቱ ሲወጣ ወንድምየው እህቱን ይዞ ቪዲዮ ቤታችን መጣ። አባቱ ሙሉውን ሰርግ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አይተዋል፤ ማየት ከተባለ። መልክ አልለይ ብሏቸው፣ «ሙሽራው ቁመቱ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ደህና ነው ሲባሉ፣ «ጥሩ። በል አሁን ያቺን ክፈትልኝ» አሉ። ፉጨቷን በሰሙ ቁጥር እሳቸውም መልሰው ያፏጫሉ። የጎረቤት ላሞች ግራ ገብቷቸው አጥሩ ሥር ይሰበሰባሉ።

ልጁ ይህን በስልኩ ቀርጾታል። እንዳይጠፋ ጎተራው ውስጥ አስገባልኝ አለኝ። በዚያው በጾመኛው በኩል ላክሁት፤ ቅንጣት ታህል ፋይል ስለሆነች ገና ጣቴን ሳላነሳ ገባች።

ከፈትኩላት። አባቷ አፏጩ፤ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ሰበር የሚል። እሷ እየሳቀች ልትመልስላቸው ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች፤ ነፋች፤ ድምፅ አልወጣም። ደግማ ሞከረች። ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ እምቢ አላት።

ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና፣ «እንደገና ክፈትልኝ» አለችኝ።