የሳውናው ወራሽ

የአይሊ ራውቲዮ ድካም የዛሬ አልነበረም። ባሏ ዌይኖ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ስትነሳ ሌሊቱን ሙሉ ግንድ ስትጎትት ያደረች ይመስላታል። ቢደክማትም ግን አንድ ነገር ሳትጨርስ መሞት አልፈለገችም። ዌይኖ በገዛ እጁ የሠራውን የሐይቅ ዳር ጎጆ፣ በጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ እየረጩ በእንፋሎት ከሚታጠኑበት ሳውና ጋር፣ እሳቱን ለማያጠፋ ሰው ማውረስ ነበረባት።

ሰውየውን ከመረጠች ቆይታለች፤ ጎረቤቷ ሬይኖ ነው። በየቅዳሜው እንጨት ፈልጦ፣ የሐይቁን በረዶ ሰብሮ ውሃ ቀድቶ ሳውናውን የሚያሞቅላት እሱ ነው። እሷ ትገባለች፣ ቀጥሎ እሱ ይገባል፣ ከዚያ የተጠበሰ ቋሊማ በልተው ይለያያሉ። በዚያ የካናዳ አካባቢ በሰፈሩ ፊንላንዳውያን ዘንድ ቁም ነገር በአፍ አይነሳም፤ አብሮ ዝም ያለ ተስማምቷል ማለት ነው። አንድያ ልጇ ዴል ደግሞ ሩቅ ከተማ፣ ካልጋሪ፣ ሄዶ እዚያው ቀርቷል። እሱ ይሸጠዋል ብላ ደምድማለች።

ወደ ተንደር ቤይ ከተማ የሚወስደውን መንገድ በረዶ ስለዘጋው ኑዛዜው በቪዲዮ ሊፈረም ሆነ። ሬይኖ ታብሌቱን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፎ አቆመላት። ሁለቱ ምስክሮች፣ ጠበቃው ፔልቲየርና ረዳቱ ሎሬን፣ በስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ።

“ወይዘሮ ራውቲዮ፣ አጠገብዎ ማን አለ?” አለ ጠበቃው።

“ሬይኖ ነዋ። ይሄን ዕቃ የሚያውቅበት እሱ ነው።”

“ኑዛዜ ሲፈረም ሌላ ሰው አጠገብዎ መኖር የለበትም፤ ይቅርታ ያድርጉልንና እሳቸው ይውጡ። ከዚያ እርስዎ ክፍሉን አዙረው ያሳዩን።”

“በዚህ ብርድ ሰው ከቤቴ ላባርር?”

“ግድ የለም፣ አንቺ ሴትዮ” አለ ሬይኖ ካፖርቱን እያነሳ። “ቅዳሜ ባይሆንም ሳውናውን ልለኩስ።”

አይሊ ታብሌቱን ይዛ ምድጃውን፣ አልጋውን፣ የበሩን ጀርባ ሳይቀር አሳየቻቸው። በሰባ ስምንት ዓመቷ ቤቷ መፈተሹ አሳፈራት።

“ከልጅዎ ይልቅ ጎረቤትዎን የመረጡት በራስዎ ፈቃድ ነው?”

“አዎ። ዴል ይሸጠዋል።”

“እሸጣለሁ ብሎዎታል?”

“አላለኝም። ግን አውቀዋለሁ።”

ፈረመች። በመሃል ምስሉ ደርቆ ቀረ። ሲመለስ ጠበቃው ራሱን ነቀነቀ፤ “እጅዎ ሲፈርም አላየንም። ሌላውን ቅጂ ያውጡና እንደገና ይፈርሙ።”

“ለአንድ ሞት ሁለት ጊዜ ታስፈርሙኛላችሁ?” አለች። ሎሬን ሳቀች። አይሊ ደግማ ፈረመች፤ እነሱም በየፊታቸው ያለውን ተመሳሳይ ቅጂ ፈርመው ወደ ካሜራው አነሱት። ስክሪኑ ጠፋ።

ሬይኖ ጭስ ጭስ እየሸተተ ገባ። ካፖርቱን አላወለቀም።

“ሞቋል። አይሊ፣ በረዶው ከጣለ ጀምሮ ልነግርሽ እያልኩ… በጸደይ ሰድበሪ ከተማ ልጄ ጋ ልገባ ነው። ወገቤ እምቢ አለኝ። ከእንግዲህ እንጨት አልችልም።”

የፈረመችውን ወረቀት ገፋ አደረገችለት። አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

“ምነው ሳትጠይቂኝ?”

“አንተስ ምነው ሳትነግረኝ?”

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የነሱ ግን ነቅዞ ኖሯል። አይሊ ተናደደች፤ ንዴቱም ብዙ አልቆየም፣ ጉልበት አልነበራትም።

“እንግዲህ ዴል ይሽጠው” አለች።

“እሸጣለሁ ብሎሻል?”

ጠበቃውም የጠየቃት ይህንኑ ነበር። “እሱንም አልጠየቅኩትም” አለች ቀስ ብላ።

ሬይኖ ስልኩን አንስቶ ፊቷ አስቀመጠና፣ “እሳቱን ልየው” ብሎ ወጣ። አይሊ ለዴል ደወለች።

“እማ? ማን ሞተ?” አለ ዴል ደንግጦ።

“ማንም አልሞተም። ሬይኖ ሳውናውን እያሞቀው ነው።” ቀጥሎ ምን እንደሚባል አላወቀችበትም። እሱም ዝም አለ፤ የነሱው ልጅ ነው። ልትዘጋው ስትል ድምፁ መጣ።

“እማ፣ የሳውናው ድንጋዮች ያው ከአባባ ጋር ከሐይቁ የለቀምናቸው ናቸው?”

“ያው ናቸው” አለች። የኑዛዜውን ነገር ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ልቅሶ ቀደማት።