መርፌ ያጣሁለት በሽታ

ሐኪሟ ልጄ ባለፈው ሳምንት ስለ አንድ በሽተኛዋ ስታወራኝ «ትንኝ ያመጣው ቫይረስ አንጎሉ ገብቶ ነው፤ መድኃኒት የለውም፣ መንከባከብ ብቻ ነው» አለችኝ። ልቤ በወጣትነቴ ወደ ሠራሁባት የራያ ከተማ፣ ወደ ዋጃ ሄደ።

ዘመኑ ደርግ ነው። የሃያ አንድ ዓመት ወጣት፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ድሬሰር ነበርኩ፤ ጋዋኔ ነጭ፣ እውቀቴ ትንሽ። ክረምቱ ወጥቶ፣ መንገዱ ሁሉ የማሽላ እሸት ጥብስ የሚሸትበት፣ ውሃ ያቆረበት ሜዳም ትንኝ የሚፈለፈልበት ጊዜ ነበር። የወይዘሮ ዘሀራ ልጅ አሚናት ሰርጓ ሁለት ወር ሲቀረው ትኩሳት ያዛት። የወባ ኪኒን ሰጠኋት። በእኛ አገር ትኩሳት ሁሉ ወባ ነበር፤ እኔም ከዚያ ወዲያ አላሰብኩም። በሦስተኛው ቀን አንገቷ ደረቀ፤ አንቀጥቅጧት ራሷን ሳተች።

ወልድያ ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ መርምሮ ወባ አለመሆኑን፣ አንጎሏ መቆጣቱን፣ ለዚህ ቫይረስ መድኃኒት አለመኖሩን ነገረኝ። ከሳምንት በኋላ እናቷ «ከሞተችም ቤቷ ትሙት» ብለው ይዘዋት ተመለሱ። በአፍንጫዋ ምግብ የሚገባበት ቀጭን ቱቦ ነበራት። በአፏ ምንም እንዳይሰጣት፣ በጎኗ እንድትተኛ፣ ቶሎ ቶሎ እንድትገላበጥ ሐኪሙ አደራ ብሎኝ ነበር።

ጎረቤቱ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ለወዳጃ ተሰበሰበ። ወዳጃ ለታመመ ሰው በአንድነት ተቀምጦ ዱአ ማድረግ ነው። ወይዘሮ ዘሀራ እጄን ይዘው «ልጄ፣ ባክህ አንድ መርፌ ውጋልኝ» አሉኝ። መርፌ የማይወጋ ድሬሰር ምኑን ድሬሰር ነው? ቦርሳዬ ውስጥ መድኃኒት መበጥበጫ ንጹህ ውሃ ነበረኝ። እጄ ወደዚያ ሄደ። አልዋሽም፣ መርፌውን ሞልቼ ነበር።

ዱአውን የሚመሩት ሼህ ይማም መርፌውን በእጄ አዩ። «አላህን ይዘህ እውነቱን ንገረን» አሉኝ።

መርፌውን አስቀምጬ ነገርኳቸው። መድኃኒት የለም፤ ያለነው እኛ ብቻ ነን አልኩ። ወይዘሮ ዘሀራ አለቀሱ። ሼሁ ግን «እንግዲያስ አንድ ዙር ዱአ ባለቀ ቁጥር ሁለት ሴቶች ይነሱና ያገላብጧት» አሉ። ሰዓት ያለው ሰው አልነበረም፤ በ«አሚን» ቆጠርን። ሴቶቹ በተራ አፏን ያብሳሉ፣ ገላዋን በእርጥብ ጨርቅ ያበርዳሉ፤ እኔ በቱቦው ወተት እሰጣለሁ። ማንም ተራውን ሳያጓድል ቀናት አለፉ። በአሥራ አንደኛው ቀን ዓይኗን ገለጠችና «እማ፣ ጠማኝ» አለች። ወጥቼ ከጓሮ አለቀስኩ።

አሚናት ዛሬ የልጅ ልጆች አሏት፤ ግራ እጇ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። እሷን ባሰብኩ ቁጥር ያቺ የውሃ መርፌ ታስፈራኛለች። ውሃው አይጎዳትም ነበር። ግን ወግቻት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሰው መድኃኒት አገኘች ብሎ፣ አመስግኖኝ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።